የጭቃው ጮቄና የእናቴ ውሃ

ይድረስ ለላቀው፣ ለሞጣው ሰው፣ ለባሌ።

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብትሰማ ትስቅብኛለህ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ተዝካርህን በወጉ አውጥተናል፣ ጥቁሩንም ልብስ አውልቄያለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን ልቅሶ ላሰማህ አይደለም። ልቅሶውን አልቅሼዋለሁ፣ ጎረቤት ምስክር ነው። የምጽፍልህ አንድ ነገር ስላደረግሁ ነው። ጮቄህን ነክቼዋለሁ። ተቆጣ እንግዲህ!

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰብለ ባሕር ዳር እንዳለች ናት፤ በየሳምንቱ እየደወለች ቤቱን ዘግተሽ እኔ ጋ ነይ ትለኛለች። ቢቸናን ለማን ጥዬ እላታለሁ። ጣሪያው በሐምሌ አንድ ቦታ ላይ አፍስሶ ነበር፣ አስጠግኜዋለሁ። ካርታዎችህ እንደተጠቀለሉ ቁም ሳጥኑ ላይ ናቸው። ወንበርህን ድመቷ ወርሳዋለች፤ ላስነሳት ስል እንደ አንተ ታጉረመርማለች። ልብስህን ለነዳያን ሰጥቻለሁ። ቦቲ ጫማህን ግን ስጪ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ደግ አደረግሁ፣ ለምን እንደሆነ ትደርስበታለህ።

ትምህርት ቤቱ በመስከረም ተከፈተ። አንተ ከሞትክ በኋላ የነበረውን ዓመት እንደተዘጋ ነው የከረመው፣ አገሩ ሰላም አልነበረም። እኔም ሐዘን ላይ ስለነበርኩ በዚያ በኩል አላልፍም። ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ ሄድኩ። ምነው ባልሄድኩ! ጮቄህ ሁለት ክረምት ሙሉ ያለ ሸራ ዝናብ ወርዶበት ጫፉ ተንዷል፣ ወንዞቹ ተደፍነዋል፣ በሞጣ በኩል ሣር በቅሎበት ፍየል ወጥታ ትግጣለች። ፍየሏን በድንጋይ አባረርኳትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው እነዚህ ባልና ሚስት ጤነኞች አይደሉም ይላል። ስለዚህ ከሥሩ ልናገር።

አንተ ከሞጣ ተመድበህ የመጣህ ጎረምሳ የጂኦግራፊ መምህር ነበርክ። ጮቄ ከበላያችን ተገትሮ እያለ ልጆቹ ተራራውን በወረቀት ብቻ መማራቸው አናደደህ። በግቢው ውስጥ፣ ከቧንቧው ጎን፣ ስፋቱ አንድ ጎጆ የሚያክል፣ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ የጭቃ ጮቄ መሥራት ጀመርክ። ጭቃውን ከየት አመጣህ? ከጤፍ ማሳ! መረሬው፣ የቢቸና ጥቁር አፈር፣ ጤፍ ያበቅላል እንጂ ለምርጊት አይሆንም፤ ፀሐይ ሲያየው ይሰነጠቃል። በሦስተኛው ቀን ተራራህ ከጫፍ እስከ እግሩ ተሰነጣጥቆ፣ አንተም ጎኑ ቆመህ ራስህን ስታክ በአጥሩ አየሁህ። የሰው ቤት መርጌ እየተመለስኩ ነበር፣ ጭቃው ከክንዴ ላይ ገና አልደረቀም። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አንተ ሰው፣ ቀይ አፈር አምጣ፣ የጤፍ ጭድ ጨምርበት፣ አቡካውና ሳምንት ይሰንብት ብዬህ አለፍኩ። በሳምንቱ ቀይ አፈር በጆንያ ተሸክመህ ቤቴ መጣህ። ሰፈሩ ሁሉ መምህሩ አፈር ተሸክሞ ሚስት ሊጠይቅ መጣ ብሎ ሳቀብን። ሽማግሌውስ ቆይቶ መጣ።

እንዲህ ነው የሠራነው። የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል አንተ ታውቃለህ፣ ጭቃው እንዴት እንደሚቆም እኔ አውቃለሁ። ጫፉን አመድ ቀባነው፤ ይህ ውርጭ ነው አልክ። ከዚያ በታች ደጋው፣ ከዚያ ወይና ደጋው፣ ከሥር የዓባይ በረሃ። ዓባይን እንደ መቀነት አዞርክለት፤ በሞጣ በኩል መጥቶ፣ በመርጡለ ማርያም ሥር አልፎ፣ ከደጀን በታች ካለው ድልድይ ወዲያ በየጁቤ ሥር ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ተማሪውን ሁሉ ከክፍል ታስወጣለህ። ልጆቹ ደብተራቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ውሃው ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ በሱሃ፣ በሙጋ፣ በጨሞጋ ሲወርድ ያያሉ። ከዚያ ተራራው ሸራውን ለብሶ ይከርማል፤ መስቀል ሲያልፍ ደግሞ እኔ እመርገዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ገደማ እንዲህ ኖርን።

ሙሽራ ሆኜ ወደ ዘመዶችህ ስትወስደኝ ታስታውሳለህ? በደብረ ወርቅ በኩል ነበር የሄድነው። አውቶቡሱ ድልድይ በተሻገረ ቁጥር ከወንበርህ ተነሥተህ የወንዙን ስም ጮክ ብለህ ትጠራለህ፣ ከየትኛው የጮቄ ጎን እንደተነሣም ትናገራለህ። ተሳፋሪው ለሙሽራዋ አዘነላት። እኔ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አውርጄ፣ ይህን ሰው ምን አግብቼ ነው እያልኩ፣ በሆዴ ግን ስሞቹን ስቆጥር ነበር። አንዱም እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

ጠባችንም ከዚያው ጭቃ ላይ ነው የተነሣው። የእናቴ መንደር በእኛ በኩል፣ ከጮቄ ትከሻ ሥር ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ በእንስራ የምትቀዳት ቀጭን ውሃ ነበረች፤ ከላይ ትመጣለች፣ በመንደራችን አልፋ ወደ ሱሃ ትወርዳለች። አንተ ካርታህን ዘርግተህ፣ ይህች ውሃ የምትነሣው ከትከሻው ወዲያ ነው፣ የምትወርደውም ወደ ሞጣ ነው አልክ። ሰማያዊው መስመር ወደዚያ ነዋ! በጣትህ ቦይዋን ወደ ሞጣ ሳብካት፤ የእናቴ መንደር በጭቃው ላይ ደርቆ ቀረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደል? የጠጣሁትን ውሃ ልታስተምረኝ ነው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩህ። ሳቅክ። ዞር ስትልልኝ በጣቴ ወደ እኛ መለስኳት፤ በማግሥቱ አንተ ወደ ሞጣ መለስካት። ስንት የሚጣሉበት ነገር ሞልቶ፣ በሁለት ጣት ቦይ ሠላሳ ዓመት የተጣላ ባልና ሚስት ከእኛ ሌላ አላውቅም።

ሲደክምህ የምትላት አንዲት ነገር ነበረችህ። ጥሩወርቅ፣ ወደዚህም ፈሰሰ ወደዚያ፣ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ነው የሚገባው ትለኝ ነበር። ዓባይ እስኪገባስ በመንገድ ማን ይጠጣዋል? እልህ ነበር እኔም።

እናቴ ዘንድ ስንሄድም ክርክሩን ይዘነው እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ጮቄ ድሮ እሳት የሚተፋ ተራራ ነበር ብለሃት፣ ዕድሜዋን በውርጭ ጣቷ ሲደነዝዝ የኖረችው እናቴ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ስለ ውሃው ስንከራከር ግን አትስቅም፣ አትናገርም። ጠላህን ትሞላልህ ነበር። ወንድሜ ስማቸውም እግሩን እያየ ዝም ነው። እኔ አማች ማክበር መስሎኝ!

የመጨረሻዋን ሳምንት ልተዋት ብል እጄ እምቢ አለ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ አልጋህ ላይ ደገፍ ብለህ ሾርባ አጎርስሃለሁ። ጥሩወርቅ፣ ስለዚያች ውሃ አንዴ እንኳ ትክክል ነህ በይኝና ልሂድ አልክ። እየሳቅክ ነበር። ብትሞትም አልልህም አልኩህ፤ እኔም እየሳቅኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሄድክ። ላቀው፣ ያቺ ቃል ስንት ቀን እንዳነቀችኝ አንተ አታውቅም። ብናገር ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! ደግሞ መልሼ እናደዳለሁ። የጠጣሁትን ውሃ ክጄ፣ ዋሽቼህ ልሸኝህ ኖሯል?

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። አዲስ ርዕሰ መምህር መጥቷል፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ማዘር ይለኛል። ማዘር፣ ይሄ ነገር ስታንዳርዱን አያሟላም አለኝ። ተራራውን አስደልድሎ በቦታው አበባ ሊያስተክል ነው፤ ጮቄ ደግሞ በባነር ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ደሜ ፈላ። ይህን ተራራ አንተ ሳትወለድ የመረግሁት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ እኔን ደልድለህ ነው የምትደለድለው አልኩት። በግቢው መሐል ነው የጮህኩት፣ አላፍርም። ተማሪው ሁሉ በመስኮት ተንጠለጠለ።

ርዕሰ መምህሩ ግራ ገባው። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጊዜ ልስጥዎትና ያድሱት፤ ከካርታው ጋር እናስተያየዋለን፣ የተሳሳተ ከሆነ ግን ይነሣል፣ ልጅ ስሕተት አይማርም አለኝ። ምን ይባላል? አንተም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው።

የገባሁበትን አየህልኝ? ካርታው እንዳለው ብሠራ፣ ማለት አንተ እንዳልከው፣ ተራራህ ይተርፋል፤ የእናቴን ውሃ ግን በገዛ እጄ አደርቃታለሁ። እኔ እንዳልኩት ብሠራ ስሕተት ነው ተብሎ ይናዳል፣ ከአንተ የቀረኝም በአካፋ ተዝቆ ይሄዳል። ጎረቤት የመከረኝ ዝም ብለሽ እንደ ካርታው አድርጊው፣ ማን ያውቅብሻል ብሎ ነው። እኔስ ሰው አይደለሁም? እኔ አውቃለሁ! ወጥቼ አያለሁ አልኩ። ሰብለ በስልክ አለቀሰች፤ በዚያ ጉልበትሽ ጮቄ? አለችኝ። በዚህ ጉልበቴ አልኳት።

ቦቲህን ያወጣሁት ያኔ ነው። ይሰፋኛል፣ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት። መኪናው እስከሚደርስበት በአይሱዙ፣ ከዚያ በእግሬ ሄጄ እናቴ መንደር ገባሁ። እሷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የስማቸው ነው። በማግሥቱ ጠዋት፣ ውሃዋ ከምትነሣበት ውሰደኝ አልኩት። ሴት እዚያ አትወጣም አለኝ። ዛሬ ትወጣለች አልኩት።

በክፍል የምታስተምረውን ሁሉ በቦቲህ ረገጥሁት። ጤፉን ቢቸና ነው ትቼው የመጣሁት። መንደሩ ገብስና ድንች ነው፤ ከፍ ሲል እንግዶ የሚሉት አጃ ብቻ ይዘራል፣ ባሕር ዛፍም ይቀራል። አንድ ሁለት ኮሶ ታየና እሱም ቀረ። ከዚያ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ የጓሳው ሣር፣ በጓሳው መሐል ጅብራዎቹ እንደ ሰው ለየብቻ ቆመው። መሬቱ በአመዳይ ነጥቶ ከእግሬ በታች ይንኮሻኮሻል። አመድ የምታስቀባኝ ለዚህ ነበር ለካ! ከሥሩ ተወልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አመድ ስቀባው፣ አንድ ቀን እንኳ ከላይ ቆሜ አላየሁትም ነበር። ትንፋሼ ሲያጥረኝ ቆሜ አንተን እሰድባለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ስማቸው ከማን ጋር ነው የምታወሪው ይለኛል።

ትከሻው ላይ ስንደርስ ሁለቱም አገር ታየኝ። ወዲያ የሞጣ፣ ወዲህ የእኛ፣ ከእኛ ማዶ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ በጭጋግ ተሞልቶ። ውሃዋን አየኋት። ከጓሳው ሥር፣ ከረግረጉ ነው የምትወጣው። የምትወጣው ከትከሻው ወዲያ ነው ላቀው። በሞጣ በኩል!

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንተ አልጋህ ላይ ሆነህ ስትስቅ ታየኝ። ቀና ስል ግን ውሃዋ ጥቂት ወርዳ ታጠፈች። ድንጋይ የተደረደረለት፣ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ተቀብሏት፣ ትከሻውን ቆርጦ ወደ እኛ ያሻግራታል። ርዝመቱ ሃያ ርምጃ ቢሆን ነው። እግዜር የሠራው አይደለም፤ ሰው የቆፈረው ነው።

ስማቸው በያዘው ዶማ ተደግፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነገረኝ። ቦይዋን የቆፈሩት የአያታችን አባት ዘመን ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ የመንደሩ ወንዶች ተጠራርተው ወጥተው ይጠርጓታል፤ አንድ ዓመት ከታለፈች ትደፈንና ውሃዋ ወደ ሞጣ ትመለሳለች። ለሴት ልጅ አይነገርም፣ አግብታ ወደ ሌላ አገር ትሄዳለችና። እናቴ ግን የቤቱ እመቤት ነበረች፣ ታውቅ ነበር። ታዲያ ለላቀው ለምን አልነገራችሁትም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጠላችሁን እየጠጣ ሲከራከር? አልኩት። ስማቸው እንደ እብድ አየኝ። ለሞጣ ሰው ይነገራል እንዴ? አለኝ።

ሳቅሁ። በዚያ ብርድ፣ በአንተ ቦቲ ቆሜ፣ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳላውቀው ልቅሶ ሆነ። አማትህ ዘመዶችህ መጥተው ውሃዋን እንዳይጠይቋት ፈርታ በጠላ ስታዘናጋህ ኖረች! ስማቸውም ዓይኑን ጠረገ። ጋሼ ላቀው ይቅር ይበለን፣ አሁንማ ይወቀው፣ ያ የሚፈራው ትውልድ አልፏል አለ። ዶማውን ከእጁ ተቀብዬ እኔም ቦይዋን ጠረግሁ። ሴት አትነካውም ብሎ ጀምሮ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው። ከቦይዋ ጭቃ አንድ እፍኝ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወረድኩ።

ከዚያ ጮቄህን እንደገና መረግሁት። ባሏ የሞተባት ሴትዮ በስተርጅናዋ ጭቃ ስታቦካ ትውላለች ተባልኩ። ይበሉ። ወንዞቹን አንተ እንደሳብካቸው መለስኳቸው፣ አንዱንም አላዛነፍኩም። የእናቴን ውሃ ምንጭ ከትከሻው ወዲያ፣ ካርታህ ባለበት ቦታ አኖርኳት። ቀጥዬ በጣቴ ትከሻውን ቆርጬ ቦይ አወጣሁ፣ ከላይ ባመጣሁት ጭቃም ለሰንኩት።

በቀጠሮው ቀን ርዕሰ መምህሩ ካርታውን ይዞ፣ አካፋና ዶማ የያዙ ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። ተማሪው ከበበን። ርዕሰ መምህሩ ወንዞቹን በጣቱ እየተከተለ አስተያየ። ሱሃ ልክ ነው አለ፣ ሙጋ ልክ ነው አለ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ማዘር፣ ይሄ ቦይ ካርታው ላይ የለም አለኝ። የለም አልኩት፤ ካርታውን የሠራው ሰው ውሃዋን አይቷል፣ ሰዎቹን አላየም።

ከቧንቧው በጆግ ውሃ ቀድቼ ምንጯ ላይ አፈሰስሁ። ውሃው ወደ ሞጣ ሁለት ጣት ያህል ወረደ፣ ታጠፈ፣ ቦይዋን ይዞ ትከሻውን ተሻገረና እናቴ መንደር ገባ። ተማሪው አጨበጨበ። ቆዩ አልኳቸው። ጭቃ ቆንጥሬ ቦይዋን ደፈንሁና ደግሜ አፈሰስሁ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሞጣ ሄደ። ካርታው ያለው ይህንን ነው፣ እኛ የምንጠጣው ያንን ነው፤ ሰው በየዓመቱ ወጥቶ ካልጠረገ ካርታው ይረታል አልኩት።

ርዕሰ መምህሩ ጆጉን ከእጄ ተቀበለኝና ራሱ አፈሰሰ፣ አንዴ ከፍቶ፣ አንዴ ደፍኖ፣ እንደገና ከፍቶ። ሠራተኞቹ ምን እናድርግ ሲሉት፣ በያዛችሁት ዶማ ጎርፍ እንዳይበላው ዙሪያውን ቦይ አውጡለት አላቸው። ባነሩም ተሰቅሏል። ነፋሱ አንዱን ጥግ ገንጥሎታል፤ እኔ እጄ የለበትም።

ዞሮ ዞሮ ዓባይ ነው የምትላትን ነገር ሰሞኑን አስብባታለሁ። ቄሱም መቃብርህ ላይ ይህንኑ ነው ያሉት፤ ሁላችንም ዞረን ወደ አፈር ነን። ይሁን፣ እሱን አልከራከርም። ግን ይህችኑ ይዘው በቃሽ፣ ተዪው፣ ጊዜ ያስረሳሻል የሚሉኝን አልሰማም። ማን አስረሱኝ አላቸው? በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ጮቄህን እመርጋለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ሲል በርጩማ ላይ ተቀምጬ አስመርጋለሁ። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድም ከልጆቹ ጋር ቆሜ እበሰብሳለሁ፣ የወንዞቹንም ስም በአውቶቡሱ እንዳደረግኸው ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ለመደፈን አንድ ዓመት ማለፍ እንደሚበቃ ያቺ ቦይ አሳይታኛለች፤ ያንን አንድ ዓመት ለማንም አልሰጥም።

አሁን ያቺን ቃል ተቀበለኝ። ብትሞትም አልልህም ብዬ ነበር፤ አፌ ነው ያለው፣ ልቤ መች አለ? ሰው ሁሉ እንዲያነበው በጽሑፍ አድርጌልሃለሁ። ምንጯ የሞጣ ናት፤ ትክክል ነበርክ ላቀው።

ውሃዋ ግን ዛሬም ወደ እኛ ነው የምትፈሰው።

እልኸኛዋ ሚስትህ
ጥሩወርቅ
ከቢቸና